ሶላር በካምፐር ጣሪያ ላይ፦ ጠይቃችኋል፣ መልሰናል

ቫናቸው ውስጥ አልጋና ማብሰያ አስገብተው ካምፐር ያደረጉ፣ ወይም ሊያደርጉ ያሰቡ አንባቢዎች የላኩልን ጥያቄ በዝቷል። አብዛኛው ስለ ሶላር ነው። ሁሉም የሚጨነቀው ደግሞ ስለ ፓነሉ ነው፤ የትኛው ይሻላል፣ ስንት ዋት ይሁን፣ ትልቁን ልግዛ ወይስ ትንሹን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከፓነሉ በታች ያለው ነው። ፓነል የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ዘይት አይፈልግም፣ ጥሩ የመስታወት ፓነል ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ሥራው የሚበላሸው ላሜራው ላይ፣ ማጣበቂያው ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ ፊውዙ ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬ መልሶቼ ወደዚያ ያደላሉ።

ጥያቄ፦ ቫኔ ላይ ስንት ዋት ልስቀል? አንዱ ጓደኛዬ 100 ይበቃሃል ይለኛል፣ ሌላው ከ400 በታች አትድከም ይለኛል። ያለኝ ትንሽ የ12 ቮልት ፍሪጅ፣ መብራት፣ ላፕቶፕ፣ ስልክና ማራገቢያ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ምን እንደምትጠቀም ሳይጠይቁህ ነው የመለሱልህ። ሒሳቡ ከጣሪያው አይጀምርም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በቀን ስንት እንደምትጠቀም ነው። እስክሪብቶ አንሳና አብረን እንደምር።

ፍሪጅህ ኮምፕረሰር ያለው ከሆነ ሲሠራ 45 ዋት አካባቢ ይስባል። ግን ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ ሲሞቅ ይነሳል፣ ሲቀዘቅዝ ያርፋል። ከ24 ሰዓቱ አንድ ሦስተኛውን ይሠራል ብንል 8 ሰዓት ነው። 45 በ8 ሲባዛ 360 ዋት ሰዓት ይመጣል። አራት ባለ 3 ዋት የኤልኢዲ መብራት ለ4 ሰዓት ቢበራ 48። ላፕቶፑን አንዴ ለመሙላት 60 ያህል። ማራገቢያው 20 ዋት ሆኖ 6 ሰዓት ቢሠራ 120። ለስልኮች 30 ብንይዝ ድምሩ 618 ነው። 620 በለው። እየው እንግዲህ፣ ከግማሽ በላይ የሚወስደው ፍሪጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላውን በግምት ብትይዘው ችግር የለም፣ የፍሪጁን ግን በትክክል ለካው። ሙቀት በበዛበት ቀን ኮምፕረሰሩ ግማሹን ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ ያኔ 360 የነበረው 540 ይሆናል።

አሁን ወደ ፓነሉ እንምጣ። ጀርባው ላይ 100 ዋት ተብሎ የተጻፈው፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበትና ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሲሆን የሚሰጠው ነው። በላብራቶሪ ማለት ነው። ቀትር ላይ መኪና ጣሪያ ላይ ያለ ፓነል 65 ዲግሪ ቢደርስ የሚገርም አይደለም። ሲሊኮን ሴል ደግሞ ከ25 በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ አካባቢ ጉልበት ያጣል። 40 ዲግሪ ሲጨምር 16 በመቶው ሄደ ማለት ነው። አቧራውም፣ ገመዱም፣ ፓነሉ ጠፍጣፋ መተኛቱም የየራሳቸውን ይወስዳሉ። እኔ ሁሌ አንድ አራተኛውን ቀንሼ ነው የማስበው።

ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን የሚገኘው ብርሃን ተደምሮ ከ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋር እኩል ነው እንበል። 200 ዋት በ5፣ ከዚያ በ0.75 ሲባዛ 750 ዋት ሰዓት ይሰጥሃል። 620ውን ይሸፍናል፣ ትንሽም ይተርፋል። 100 ዋት ግን 375 ነው፤ ፍሪጁን ብቻ ይዞ ያዘግማል። ደመና ቀኑን ሙሉ ከዋለ ምርቱ ወደ ሩብ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ላንተ 200 መነሻው ነው፣ ጣሪያህ ከቻለ 300 አድርገው። ከምድር ወገብ ርቀህ፣ ቀኑ በሚያጥርበት የብርድ ወቅት የምትጓዝ ከሆነ ግን 400ም ላይበቃህ ይችላል፤ ያኔ ሞተሩ ሲነሳ ፍሪጁንና መብራቱን የሚያሠራውን ባትሪ የሚሞላ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ከሶላሩ ጎን አስገባ።

ባትሪውንም አትርሳ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀመው። 600 ማለት ነው። አንድ ቀን እንኳ አይሞላልህም። ሊትየም አይረን ፎስፌት ከሆነ ያው 100 አምፔር ሰዓት 1280 ይይዛል፣ አብዛኛውንም ትጠቀምበታለህ። ፀሐይ ከጠፋ ወደ ሁለት ቀን ይወስድሃል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ሊትየሙን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ይገድለዋል። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ በብርድ ቻርጅ ማቋረጥ መቻሉን ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ።

ሌላም አለ። መኪናዋ ጥላ ትፈልጋለች፣ ፓነሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ይህ በየቀኑ የሚገጥምህ ጣጣ ነው። ዛፍ ሥር ካቆምክ አንተም ፍሪጁም ትተርፋላችሁ፣ ፓነሉ ግን ምንም አያመጣም። እኔ ከጣሪያው ሌላ አንድ የሚታጠፍ ፓነል እይዛለሁ፤ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁሜ እሱን በረዥም ገመድ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ። ቦታ ካለህ በጣም እመክርሃለሁ።

ጥያቄ፦ ጣሪያውን መብሳት ፈራሁ። ማጣበቂያ ብቻ ይይዘዋል? በፍጥነት ስነዳ ተነስቶ ቢሄድስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው የሚሰቅለው።

ነፋሱን በቁጥር እንየው። በሰዓት 100 ኪሎሜትር ስትነጂ የነፋሱ ግፊት በካሬ ሜትር 460 ኒውተን አካባቢ ነው። የ100 ዋት ፓነል ስፋቱ 0.65 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ሙሉ ለሙሉ ቢያነሳው 300 ኒውተን ይሆናል፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ነገር ወደ ላይ እንደሚጎትተው ማለት ነው። 120 ላይ ወደ 44 ኪሎ ይጠጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በዚህ ላይ ደግሞ በተቃራኒ የሚመጣ የጭነት መኪና የሚገፋው አየር ይጨመርበታል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን ማጣበቂያው ይችላል። ለመኪና አካል የተሠራው ፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ፣ እንደ ሲካፍሌክስ ያለው፣ በአራቱ ማዕዘን በትክክል ከተቀባ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ይሸከማል። ታዲያ ለምን ይነቀላል? ማጣበቂያው የያዘው ቀለሙን ነው። ቀለሙ ላሜራውን ካልያዘ ፓነሉ ከነማጣበቂያው፣ ከነቀለሙ ነው የሚሄድ። ተነቅሎ የወደቀ ማያያዣ ገልብጬ አይቻለሁ፤ ማጣበቂያው እንደተሠራ ነበር፣ ከሥሩ የቀለም ቅርፊት ተጣብቆበት፣ ከቀለሙ ሥር ደግሞ ቡናማ የዝገት ዱቄት። ማጣበቂያው ሥራውን ሠርቷል። ጥፋቱ ከሥር ነበር።

ስለዚህ ከመለጠፍሽ በፊት ቀለሙን ፈትሺው። ሰፊ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፈሽ በኃይል ንቀይው። ቀለም ይዞ ከመጣ እዚያ ቦታ ላይ አትለጥፊ። ካልመጣ በሳሙና ታጠቢዋለሽ፣ ይደርቃል፣ ማያያዣው የሚያርፍበትን ብቻ ቀጭን በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ ትፈገፍጊዋለሽ፣ ከዚያ በአልኮል ትጠርጊዋለሽ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ጥረጊ፤ አንዴ ጠርጎ ማለፍ አይበቃም። ባዶ ብረት ከታየ ለማጣበቂያው የሚስማማውን ፕራይመር ሳትቀቢ አትለፊው። ስትለጥፊም ጨምቀሽ አታውጪው። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው፤ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ እንደ ጎማ የሚለጠጠው ያ ውፍረት ነው። ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ስለሚደርቅ በደረቅና በቀዝቃዛ አየር ይዘገያል። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቂ፣ እኔ ግን ቢያንስ ሁለት ቀን መኪናዋን አላንቀሳቅስም።

የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን እንዳትጠቀሚ። አደራ። ይህን ክብደት አይሸከምም፣ ከዚያ የባሰው ደግሞ አንዴ ከተቀባ በኋላ በላዩ ላይ ምንም ነገር አይይዝም፤ ሌላ ማጣበቂያም፣ ቀለምም።

ቫንሽ ጎንና ጎኑ ላይ የዕቃ መጫኛ መያዣ ካለው ግን ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ሁለት ዘንግ አጋድመሽ ፓነሉን በቡሎን እላዩ ላይ ማሰር። አይበሳም፣ አይለጠፍም፣ ከሥር አየር ይገባል፣ ቢበላሽም ይፈታል። ቀለሙ ለተበላሸ አሮጌ መኪናም መፍትሔው ይኸው ነው።

የትኛውንም ብትመርጪ አንድ ቀጭን የብረት ገመድ ከፓነሉ ፍሬም ወደ ሌላ ጠንካራ ነገር እሰሪ። ማጣበቂያው ቢለቅ፣ ቡሎኑ ቢፈታ ፓነሉ መንገድ ላይ አይወድቅም። ከኋላሽ የሚነዳው ሰው፣ ከኋላሽ ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ሰው፣ ስለ ማጣበቂያሽ ምንም አያውቅም። በየረዥም ጉዞው መጀመሪያም ወጥተሽ አራቱንም ማዕዘን በእጅሽ ወዝውዢ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ የሚታጠፍ ስስ ፓነል አለ፣ ቀላል ነው፣ እንደ ወረቀት ይለጠፋል ይላሉ። እሱን ብለጥፍስ?

መልስ፦ ለጣሪያ አልወደውም። ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ስለሚተኛ ከሥሩ አየር አያልፍም፣ ይግላል፣ ሲግል ምርቱ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የመስታወቱ ፓነል ከሥሩ ከ2 እስከ 4 ሴንቲሜትር ክፍተት ይኖረዋል፤ ያ ክፍተት ነፋስ ያስገባለታል፣ ለውስጡ ክፍልም ጥላ ይሆናል። ስሱን የምመክረው ጣሪያው ጎባጣ ለሆነ ወይም ክብደት ጨርሶ ለማይችል ሰው ብቻ ነው። ያኔም በቀጥታ ላሜራው ላይ ሳይሆን ቀዳዳ ባላት ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሲበላሽ ማንሳት ይቀላል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ከባለቤቴ ጋር የምንጓዝባት ካምፐር አለችኝ። ባለፈው ዓመት ነው ሶላር ያስገጠምኩት። ከዝናብ በኋላ ከአልጋው በላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ከእሱ ትይዩ ያለውን ቡሎን ሦስት ጊዜ ሲሊኮን ቀባሁት፣ አሁንም ያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ ይህ በእኔም ደርሶብኛል፤ እንዴት እንደሚያበሳጭ አውቀዋለሁ። ውሃ የሚንጠባጠበው በገባበት ቦታ አይደለም። ከላሜራው ሥር በገመዱ ላይ፣ በብረቱ ጎድን ላይ እየሄደ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነው የሚወድቀው። እኔ ከመኝታዬ በላይ ያለውን ቡሎን ሳምንታት ሙሉ ስቀባ ኖሬ፣ ውሃው የሚገባው ከዚያ አንድ ሜትር ወደ ፊት ካለው የገመድ ማስገቢያ ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ያድርጉ። ከውስጥ የጣሪያውን ልባስ ይፍቱትና እያንዳንዱ ቡሎንና ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ሶፍት በፕላስተር ይለጥፉ። ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ አብርቶ ይቀመጥ። እርስዎ ወይም ሌላ ሰው ከላይ በጆግ ውሃ ቀስ አድርጎ ያፍስስ፤ ከዝቅተኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ እየቆየ። መጀመሪያ የሚረጥበው ሶፍት ቦታውን ይነግርዎታል። ከላይ ጀምሮ ማፍሰስ አይሆንም፤ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ ምንም አይለይልዎትም። መሰላል ላይ የሚወጣው ደግሞ እርስዎ ባይሆኑ ደስ ይለኛል።

ቦታው ሲታወቅ የቀቡትን ሲሊኮን በሙሉ ይፋቁት። በላዩ መቀባት ጥቅም የለውም፤ አዲሱ አሮጌውን አይይዝም። ቡሎኑን ያውጡት፣ የቀዳዳውን ጠርዝ ይዩት፤ ዝገት ከጀመረ በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱትና አንቲረስት ቀብተው ያድርቁት። ከዚያ ማሸጊያው ከቡሎኑ ራስ ሥርም፣ በክሩም ላይ፣ በመጨረሻም ከላይ ይግባ። ገመዱ የሚገባበት ቦታ ላይ ለዚሁ የተሠራች የፕላስቲክ ቆብ አለች፤ አፏ ወደ መኪናው ኋላ እንዲዞር ተደርጎ ትለጠፋለች። ገመዱም ወደ ቆቧ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደገና ይነሳ። ውሃው በዚያ ዝቅ ባለው ቦታ ተንጠባጥቦ ይቀራል እንጂ ገመዱን ተከትሎ አይገባም። ከእኔ መኪና ውስጥ ያቺ ትንሽ እጥፋት ብቻ ነበረች የጎደለችው።

ልባሱን ቶሎ አይመልሱት። የረጠበው የሙቀት መከላከያ ለብዙ ቀን ይደርቅ፤ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ከላሜራው በኩልም ይዝጋል። ለእርስዎም ለባለቤትዎም ትንፋሽ ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔና ወንድሜ ሁለት ባለ 100 ዋት ፓነል ገዝተን ተጣላን። እሱ በተከታታይ እንቀጥላቸው ይላል፣ እኔ ጎን ለጎን እላለሁ። ኮንትሮለሩስ ርካሹ ፒደብሊውኤም አይበቃም?

መልስ፦ ከኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ከሚቆጣጠረው ዕቃ ልጀምር፣ ሌላው በእሱ ላይ ነው የሚወሰነው። ፓነላችሁ ጥሩ የሚሠራው 18 ቮልት አካባቢ ላይ 5.5 አምፔር ሲሰጥ ነው፤ 99 ዋት። ፒደብሊውኤም ግን ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልት ይጎትተዋል። 13 ቮልት በ5.5 አምፔር 72 ዋት ነው። ከእያንዳንዱ ፓነል ሩቡን ያህል ጣሪያ ላይ ትታችሁት ትሄዳላችሁ። ኤምፒፒቲ የሚባለው ሌላው ዓይነት ኮንትሮለር ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይቀይረዋል። የጣሪያ ቦታ ውስን ስለሆነ እኔ ኤምፒፒቲ ነው የምለው።

ኤምፒፒቲ ከገዛችሁ በተከታታይም ይሆናል። በተከታታይ ሲሆን፣ ማለትም የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ሲቀጠል፣ ቮልቱ እጥፍ፣ አምፔሩ ያው ስለሆነ በገመዱ ላይ የሚባክነው ይቀንሳል፤ ጠዋትና ማታም ቻርጁ ቀድሞ ይጀምራል። ችግሩ ጥላ ነው። የአየር ማስወጫው ቆብ ወይም አንድ ቅርንጫፍ አንዱን ፓነል ቢያጠላው ሁለተኛውንም ይጎትተዋል። ፓነሉ ውስጥ ያለው ባይፓስ ዳዮድ ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ጎን ለጎን ከሆነ ግን ያልተጠላው ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ክርክሩን ጣሪያው ይፍታው። ወንድምህ በሦስት የተለያየ ሰዓት ወጥቶ የጣሪያውን ፎቶ ያንሳ፤ ጥላ ካላረፈ የእሱ ሐሳብ፣ ካረፈ ያንተ።

በተከታታይ ካደረጋችሁ ኮንትሮለሩ የሚችለውን ከፍተኛ ቮልት እዩ። አንድ ፓነል ጭነት ሳይኖርበት 22 ቮልት ገደማ ነው፣ ሁለቱ 44። ብርድ ደግሞ ቮልቱን ያሳድገዋል፤ በበረዶ ጠዋት 47 ወይም 48 ሊደርስ ይችላል። 50 ቮልት የሚችል ኮንትሮለር ለዚህ ጠባብ ነው፣ 75 የሚችለው ይመቻል። ቮልቱ ከሚችለው ካለፈ ኮንትሮለሩ ይቃጠላል።

ስትገጥሙ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር፣ ቀጥሎ ፓነሉን። ስትፈቱ በተቃራኒው፣ መጀመሪያ ፓነሉን። ኮንትሮለሩ የባትሪውን ቮልት አውቆ ነው ሥራ መጀመር ያለበት። ፓነል ደግሞ ማጥፊያ የለውም፣ ፀሐይ ካየ ያመነጫል፤ ስለዚህ እየሠራችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ አልብሱት።

ጥያቄ፦ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ኢንቨርተር ላይ ጁስ መፍጫ ስሰካ ከባትሪው ጀርባ የመቃጠል ሽታ ይመጣል። ገመዱን ስነካው ይሞቃል። ሽቦዎቹን ጠምዝዤ በናስትሮ ነው ያሰርኳቸው። ፊውዝ አላስገባሁም። አደጋ አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። ይህን ስታነብ ኢንቨርተሩን አጥፋና የባትሪውን ገመድ ፍታ። ቀሪውን ከዚያ አንብብ። የምትተኛው እዚያው ውስጥ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። 600 ዋት የሚበላ መፍጫ ቤት ውስጥ 3 አምፔር ያህል ነው የሚስበው፣ ምክንያቱም ቮልቱ 220 ነው። በ12 ቮልት ግን ያው 600 ዋት 50 አምፔር ነው፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመር 55 ወይም 60። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ገመዱ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። ተጠምዝዞ በናስትሮ የታሰረ ሽቦ ደግሞ በደንብ አይነካካም፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይላላል፣ ሲላላ ይግላል፣ ናስትሮው ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል። የሸተተህ እሱ ነው።

ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር ያለው ገመድ አጭርና ወፍራም ይሁን። ለባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር 25 ካሬ ሚሊሜትር አስብ፣ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል አይለፍ፤ የኢንቨርተሩ መመሪያ ከዚህ በላይ ካለ መመሪያውን ስማ። ጫፉ ላይ ካፖኮርዳ፣ ማለትም በቡሎን የሚታሰር ባለ ቀለበት ብረት ይግባበት፣ በፒንሳ ሳይሆን በትክክለኛው መጭመቂያ። ከጨመቅከው በኋላ በሙሉ ጉልበትህ ጎትተው። ከወጣ ድሮም አልያዘም ነበር። ገመዱ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ያለው ይሁን፤ ለግድግዳ የሚሠራው ባለ አንድ ድፍን ሽቦ በመኪና ንቅናቄ ይሰበራል። በላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት አስገባ፣ አለዚያ የላሜራው ጠርዝ ቀስ በቀስ ልባሱን ይቆርጠዋል።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ፣ በ20 ሴንቲሜትር ውስጥ ይቀመጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ገመዱን ነው። ባትሪ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ሲነካኩ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፣ ሊትየም ከሆነ ከዚያም ይበልጣል፤ መሐል ላይ የተቀመጠ ፊውዝ ከእሱ በፊት ያለውን ገመድ አያድነውም። ከኮንትሮለሩ ወደ ባትሪው ለሚሄደውም የራሱን አስገባ፤ ለ15 አምፔር ኮንትሮለር 6 ካሬ ሚሊሜትር ገመድና 20 አምፔር ፊውዝ ይሆናል።

ከጣሪያ የሚወርደውንም ገመድ እየው፣ የወረደው በምን እንደሆነ አልጻፍክም። ሁለት ፓነል ጎን ለጎን 11 አምፔር ቢሰጡና ገመዱ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ቢሆን፣ በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር 1.3 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፣ 14 ዋት ወደ ሙቀት ይሄዳል። በ4 ካሬ ሚሊሜትር ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። የጭስ ማስጠንቀቂያና የእሳት ማጥፊያም ከአልጋህ እጅህ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጥ። ጨርሰህ ስትገጥመው መፍጫውን ለግማሽ ደቂቃ አሠራውና አጥፍተህ እያንዳንዱን ማያያዣ በእጅህ ዳብስ። ለብ ያለ ምንም አይደል። የሚፋጅ ካለ ያንን ፍታና እንደገና ሥራው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ተገጥሟል፣ ፀሐዩም ጥሩ ነው፣ ግን ኮንትሮለሩ 200 ዋት ሳይሆን 5 ዋት ብቻ ያሳያል። ፓነሉ ተበላሽቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ የእኔ እህት፣ ከመደንገጥሽ በፊት የባትሪውን ቮልት እዪ። ባትሪው ከሞላ ኮንትሮለሩ ፓነሉን ያዝ ያደርገዋል፤ የሚሄድበት ቦታ ስለሌለ ነው ያልመጣው። ፍሪጁን፣ ማራገቢያውን፣ መብራቱን ሁሉንም በአንዴ አብሪና ቁጥሩን ተመልከቺ፤ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ሲወጣ ካየሽ ፓነልሽ ደህና ነው። ካልወጣ መጀመሪያ የፓነሉን መስታወት በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠቢ፣ ከዚያ የፓነሉ ገመድ ጫፍ ላይ ያሉት ኤምሲፎር የሚባሉ ማያያዣዎች ጠቅ ብለው መግባታቸውን አረጋግጪ፣ በመጨረሻ ፓነሉን ከኮንትሮለሩ ፈትተሽ በቴስተር ለኪው። ለአንድ ፓነል 20 ቮልት አካባቢ ካነበበ ችግሩ ከኮንትሮለሩ ወዲህ ነው፣ ዜሮ ካነበበ ወደ ጣሪያ ውጪ።